ቀኝና ግራ የማይለይ ቁጥር

የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቴ ቶፖሎጂ የተባለውን የሒሳብ ዘርፍ ለመድኃኒት ፍለጋ ማዋል ነው ስል፣ ሶዶ ውስጥ የሚከተለኝ ጥያቄ አንድ ነው፦ «ሒሳብን ከመድኃኒት ጋር ምን አገናኘው?»

መልሴን ቡቴን ከሚባለው ጋዝ እጀምራለሁ። አራት ካርቦኖቹን በአንድ መስመር አሰልፌ፣ ከእያንዳንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የሚታለፈውን ትስስር ቆጥሬ ስደምር 10 ይመጣል። የጫፉን ካርቦን ነቅዬ መሃል ላይ ስቀጥለው አይሶቡቴን ይሆናል፤ ድምሩም ወደ 9 ይወርዳል። የሁለቱም አተሞች ብዛት እኩል ነው። ቡቴን ግን ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ሲፈላ፣ አይሶቡቴን ከዜሮ በታች 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ኬሚስቱ ሃሮልድ ዊነር ይህን ድምር ከመፍያ ነጥብ ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. በ1947 ነው። ዛሬ የዚህ ቁጥር ዘመዶች ሞለኪውሎችን ላቦራቶሪ ሳይገቡ ለማጣራት ያገለግላሉ።

ቁጥሩ የሚያየው ግን ማን ከማን ጋር እንደተሳሰረ ብቻ ነው። ፕራዚኳንቴልን እንውሰድ። የገሺያሮ ፕሮጀክት በወላይታ ዞን የቢልሃርዚያንና የአንጀት ትላትልን ስርጭት ለመግታት ሲነሣ ከያዛቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። በክኒኑ ውስጥ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል የሆኑ ሁለት ሞለኪውሎች እኩል ለእኩል አሉ። በቢልሃርዚያ ትል ላይ የሚሠራው አንደኛው ነው፤ ሌላው ክኒኑን ከማግዘፍና ከማምረር በቀር እምብዛም አይረባም። የሚሠራውን ብቻ የያዘው አርፕራዚኳንቴል ለሕፃናት ተዘጋጅቶ እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ጤና ድርጅትን የጥራት ማረጋገጫ አግኝቷል።

የዊነር ድምር ለሁለቱም የመስታወት ምስሎች አንድ ነው። አተሞችን የሚያገናኘውን የርቀት ገደብ እያሰፋ የሚወለዱና የሚጠፉ ቀዳዳዎችን ወደሚመዘግበው ፐርሲስተንት ሆሞሎጂ ብሻገርም ያው ነው፤ መስታወት ርቀትን አይለውጥም። ልዩነቱ ብቅ የሚለው ሞለኪውሉን ከሚጣበቅበት ፕሮቲን ጋር አብሬ ሳሰላ ነው። የግራ ጫማ ለቀኝ እግር እንደማይመች ሁሉ፣ ፕሮቲንም ራሱ ቀኝና ግራ ስላለው ሁለቱን እኩል አይቀበልም፤ በአተሞቻቸው መካከል ያለው ርቀት ይለያያል፣ ቀዳዳዎቹም አብረው ይለወጣሉ። በሚቺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የጉዎ-ዌይ ዌይ ቡድን መድኃኒት ከፕሮቲን ጋር ምን ያህል እንደሚጣበቅ የሚተነብየው፣ አተሞቹን በዓይነት በዓይነታቸው እየለየ በዚሁ መንገድ ነው።

ስለዚህ ቀመር ከመምረጤ በፊት የትኛው ልዩነት እንደሚያመልጠው እጠይቃለሁ። ለመፍያ ነጥብ ከሆነ የዊነር ድምር ያስኬዳል። ትል የሚገድለውን ከማይገድለው በስሌት ለመለየት ግን ፕሮቲኑ መታወቅ አለበት። ፕራዚኳንቴል የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው፤ በትሉ ውስጥ የሚነካውን ፕሮቲን ተመራማሪዎች የጠቆሙት እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። በመካከል ባሉት ዓመታት የትኛውም ረቂቅ ቶፖሎጂ ያንን ክፍተት ሊሞላ አይችልም ነበር።