ምጥ ለወንድ፣ ሕግ ለሴት፦ በ«ኤሊየን» ፊልሞች የተገለበጠው ሚና

በአማርኛ ተውኔት የሚጽፍ ሰው ባለታሪኩን በር ለማስከፈት «ክፈት» ወይም «ክፈቺ» ማለት ግድ ይለዋል፤ በአንቱታ ካልሸፈነው በቀር ፆታ ሳይወስን ፊት ለፊት ማዘዝ አይችልም። እንግሊዝኛ ይህን አያስገድድም። ዳን ኦባነን ከሮናልድ ሹሴት ጋር ባፈለቀው ታሪክ ላይ ተመሥርቶ «ኤሊየን»ን ሲጽፍ፣ የጠፈር መንኮራኩሯ ሠራተኞች በሙሉ በወንድም በሴትም ሊተወኑ እንደሚችሉ በረቂቁ ላይ አስፍሮ ነበር። በ1979 (እ.ኤ.አ.) በወጣው የሪድሊ ስኮት ፊልም የመኮንኗ የሪፕሊ ሚና ለሲጎርኒ ዊቨር ደረሰ። ሪፕሊ ስትነሣ ብዙዎች የሚያስታውሷት መሣሪያ ታጥቃ ነው። ይሁንና ከወንድ ነጥቆ ሴትን ማስታጠቅ ቀላሉ ግልበጣ ነው። የእነዚህ ፊልሞች ከባዱ ሥራ የሕግንና የምጥን ባለቤት ማለዋወጣቸው ላይ ነው።

የበሩን ትዕይንት እንውሰድ። አዛዡ ዳላስ ፊቱ ላይ እንግዳ ፍጡር የተጣበቀበትን ባልደረባውን ኬንን ይዞ ከውጭ «ክፈቱ» ይላል። አዛዡ ውጭ ሳለ ሥልጣኑ በሪፕሊ እጅ ነው፤ እሷም የ24 ሰዓት የለይቶ ማቆያ ደንብ ጠቅሳ እምቢ ትላለች። በለመድነው ታሪክ ደንብ ጠቃሹ ወንድ፣ አንጀቷ የማይችለው ሴት ናት፤ እዚህ ግን አንጀቱ ያልቻለው አዛዡ ነው። በሩን የሚከፍተው የሳይንስ መኮንኑ አሽ ነው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ብሂል ቃል በቃል ተፈጸመ፤ ያውም በሌላኛው የ«ማለቅ» ትርጉም፦ ከሪፕሊ በቀር ሠራተኞቹ አለቁ። አሽም ኋላ የአሠሪያቸውን ኩባንያ ምስጢራዊ ትዕዛዝ የሚያስፈጽም ሮቦት ሆኖ ተገኘ። ነገሩን የጨረሰው «ወንድ» ወንድም ሰውም አልነበረም።

ቀጥሎ ምጡ ይመጣል። ጆን ኸርት የተወነው ኬን ከባልደረቦቹ ጋር ማዕድ ላይ ሳለ ያምጣል፤ ፍጡሩ ደረቱን ሰንጥቆ ይወለዳል። ባርባራ ክሪድ በ1993 ባሳተመችው ጥናቷ የፊልሙን አስፈሪነት ከእናትነት አካል፣ ከማሕፀን ምስሎች ጋር አያይዛ ተንትናዋለች። ትንታኔው ብዙ ያስረዳል፤ ነገር ግን ማዕዱ ላይ የተከፈተው ገላ የወንድ መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። ሳይፈልጉ መፀነስ ምን እንደሚመስል ወንድ ተመልካች በራሱ ደረት እንዲያስበው ተገድዷል። በአንጻሩ «እናት» ተብሎ የሚጠራው የመንኮራኩሯ ኮምፒውተር፣ ሠራተኞቹ ቢሞቱም ፍጡሩ እንዲመጣ የሚያዝዘውን ትእዛዝ የያዘ ነው። የእናትነት ስም ከርኅራኄ ተነጥሏል።

ግልበጣው ግን ሙሉ አይደለም። ሌላዋ የመንኮራኩሯ ሠራተኛ ላምበርት ደንዝዛ የምታለቅስ ሴት ሆና ትቀራለች፤ መደምደሚያው ላይም ካሜራው ልብሷን ያወለቀችውን ሪፕሊን ለዓይን ያቀርባል። የጄምስ ካሜሮን የ1986 ተከታይ ፊልም ደግሞ ጀግንነቷን መልሶ ከእናትነት ያስራል። ሪፕሊ ወላጆቿን ያጣችውን ትንሿን ልጅ ኒውትን ለማዳን ንግሥቲቱን ፍጡር ትገጥማለች፤ ፍልሚያው የሁለት እናቶች ይሆናል። ሴት መሣሪያ እንድታነሣ የልጅ ፍቅር ምክንያት ካስፈለጋት፣ ፈቃዱ ከአሮጌው ደጃፍ የተገኘ ነው።

በ1992 በወጣው ሦስተኛው ፊልም ዴቪድ ፊንቸር ይህንን ምክንያት ገና ሲጀምር ያስወግደዋል፤ ኒውት ሞታለች። ራሷን የተላጨችው ሪፕሊ ወንዶች ብቻ በታሰሩበት ፕላኔት ላይ ናት፤ ፅንሱም አሁን በእሷ ውስጥ ነው። የኩባንያው ሰዎች እናወጣልሽ እያሉ ሲያባብሏት ከነፅንሱ እቶን ውስጥ ትወድቃለች። ሴትን በመሥዋዕትነት ማክበር የቆየ ልማድ ነው፤ የአሁኑን የሚለየው መሥዋዕትነቱ መውለድን እምቢ ማለት መሆኑ ነው።

ስኮት በ2012 በ«ፕሮሚቲየስ» ወደዚሁ ጥያቄ ተመለሰ። ባለታሪኳ ኤልዛቤት ሾው በሆዷ የሚያድገውን ፍጡር በቀዶ ሕክምና ለማስወጣት ወደ ዘመናዊው የሕክምና መሣሪያ ትሮጣለች፤ መሣሪያው ግን የተሰናዳው ለወንድ ታካሚ ብቻ መሆኑን ይነግራታል። ከዋክብትን የተሻገረው ሥልጣኔ «አንተ»ን እንጂ «አንቺ»ን አልተማረም። ሾው ግን እስኪማር አልጠበቀችም፤ የጠየቀችውን የወሊድ ቀዶ ጥገና ትታ ባዕድ ነገር ከሆድ እንዲያወጣ አዘዘችው፤ መሣሪያውም ታዘዘ።