አማዞን ስለ ኤስ-3 መቋረጥ ያወጣው መግለጫ፤ አጭር ሒስ

«ፉል ስታክ ኢንጂነር» የተባለው የሥራ ስም ዛሬ የብዙ ተማሪ ምኞት ሆኗል። ትርጓሜውም ተጠቃሚው በዓይኑ ከሚያየው ገጽ አንሥቶ መዝገቡ እስከሚቀመጥበት ጎተራ ድረስ ያለውን ሥራ አንድ ሰው ይችለዋል ማለት ነው። እኛ ግን የዚህን ስም እውነትነት ለመመርመር ከመማሪያ መጽሐፍ ይልቅ አንድ አጭር ጽሑፍ መርጠናል፤ ይኸውም የካቲት 21 ቀን 2009 ዓ.ም. (በአውሮፓውያን 2017) በሰሜን ቨርጂኒያ ኤስ-3 የተባለው የአማዞን የፋይል ማከማቻ በተቋረጠ ጊዜ ኩባንያው ያወጣው መግለጫ ነው።

የነገሩ አካሄድ እንዲህ ነው። የደንበኞችን ሒሳብ የሚያሰላው ሥርዐት ስለ ዘገየ ሠራተኞቹ ምክንያቱን ይፈልጉ ነበር፤ ከእነርሱም አንዱ፥ ሥልጣን ያለው ሰው፥ በተለመደው መመሪያ መሠረት ጥቂት ሰርቨሮችን ከሥራ ለማውጣት ትእዛዝ ሰጠ። ከትእዛዙ አንዱ ክፍል ተሳስቶ ስለ ገባ ከታሰበው የበለጠ ሰርቨር ወጣ። ከወጡትም ውስጥ ፋይሎቹ የት እንዳሉ የሚያውቀውን ማውጫና ለአዲስ ፋይል ቦታ የሚመድበውን ክፍል የተሸከሙት ነበሩበት። ሁለቱም እንደ ገና መነሣት አስፈለጋቸው። በፓሲፊክ ዳርቻ ሰዓት ከጧቱ 3 ሰዓት ከ37 የጀመረው ችግር ፈጽሞ የተወገደው ከቀኑ 7 ሰዓት ከ54 ነው።

የመግለጫው ትልቁ ብልጫ የሠራተኛውን ስም አለመጥራቱና በደሉን ሁሉ በእርሱ ላይ አለመጣሉ ነው። በብዙ መሥሪያ ቤት ቢሆን አስቀድሞ የሚጠየቀው «ማን ነው?» ተብሎ ነበር። ጽሑፉ ግን በመሣሪያው ላይ ያተኩራል፤ ሰርቨሮችን ቀስ ብሎ እንዲያወጣና ከሚያስፈልገው ዝቅተኛ መጠን በታች እንዳያወርድ መታረሙን ይገልጻል። ለኩባንያው የማይመቸውንም አልሸሸገም፤ በትልልቆቹ አካባቢዎች ማውጫው ለብዙ ዓመታት ሙሉ በሙሉ ተዘግቶ ተከፍቶ እንደማያውቅ ይናገራል። ይህ አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻውን የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት ይወጣዋል።

ጉድለቱ ወዲህ ነው። ስንት ሰርቨር እንደ ወጣ፥ ስንት ደንበኛ እንደ ተጎዳ አይናገርም። ይልቁንም የሚያስገርመው የአገልግሎቶቹን ጤንነት የሚያሳየው ሰሌዳ ነገር ነው፤ ሰሌዳው የሚታደስበት መሣሪያ ራሱ በኤስ-3 ላይ የቆመ ስለ ነበረ የየአገልግሎቱ ሁኔታ ለሁለት ሰዓት ሊታደስ አልቻለም። (ደወሉ በሚነደው ቤት ውስጥ ተሰቅሎ ነበር ማለት ነው።) መግለጫው ይህን ወደ መጨረሻው ላይ በጥቂት መሥመር ያልፈዋል። እኛ ብንሆን ከፊት እናስቀምጠው ነበር።

ምክንያቱም በዚያ ጧት ሱቁን በዚህ ማከማቻ ላይ የሠራ ኢንጂነር የራሱን ፕሮግራም መሥመር በመሥመር ቢመረምር ስሕተት አያገኝም፤ ወደ ሰሌዳው ቢመለከትም የተለወጠ ነገር አያይም። «ሙሉ» የተባለው ዕውቀቱ ደመናው ደጃፍ ላይ ያበቃል። አንዳንድ ባልንጀሮቻችን ስለዚህ ስሙ ይቅር ይላሉ። በበኩላችን ይህን አንቀበልም፤ ፋይልን በሌላ አካባቢ እየገለበጡ ማኖር ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በኤስ-3 የሚቻል ነበርና፥ ከደጃፉ ወዲህ ለኢንጂነሩ የቀረ ሥራ አለ። ነገር ግን ሁለተኛ ግልባጭ ሁለተኛ ኪራይ ነው፤ ኪራዩን የሚፈቅደውም ብዙውን ጊዜ ሌላ ሰው ነው።