ላሚቱስ አለች፤ ወተቱስ?

እዚህ ሆላንድ፣ አምስተርዳምም ሆነ ሮተርዳም ስንሰባሰብ፣ «ባለ ሁለት አኃዝ ዕድገት» በተባለ ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ» እያልን ስናፌዝ ኖረናል። እኔም አፊዣለሁ። ተሳስተን ነበር። በመንግሥት ጥናት የድኾች ድርሻ በ1988 ዓ.ም. ከነበረበት 45.5 ከመቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ 23.5 ወርዷል፤ የዓለም ባንክም ጉልህ መሻሻል መኖሩን መስክሯል። ላሚቱስ አለች፤ ጥያቄው ወተቱን ማን ጠጣው ነው። የዝዋይ ጽጌረዳ እዚሁ አምስተርዳም አጠገብ፣ አልስሜር ጨረታ ላይ በዩሮ ይሸጣል። ለቀጠፈችው እህታችን ግን አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እንኳ የደመወዝ ወለል አልቆረጠላትም፤ ወደፊት ለሚቋቋም ቦርድ አሳለፈው። ወገኖቼ፣ በአኃዙ መጨቃጨቁ ይብቃን፤ ስለ ደመወዟ እንጠይቅ።