የኮንስታንሲያው ጠጅ አሳላፊ

በደቡብ አፍሪካ፥ በኬፕ ታውን አጠገብ፥ ግሩት ኮንስታንሲያ በተባለው የወይን ርስት ውስጥ በ1791 የተሠራ አንድ የወይን ጠጅ ቤት አለ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) በግንባሩ ላይ የጀርመናዊው ቀራጺ የአንቶን አንራይት ሥራ ነው የሚባል ቅርጽ ይታያል፤ ጋኒሜድ የተባለው ብላቴና ከንስሩ ጋር፥ በዙሪያውም የሚጫወቱ ሕፃናት ናቸው። የኬፕን ሕንፃዎች የሚያጠኑ ሊቃውንት ይህን ሥራ ስለ ውበቱ ያመሰግኑታል፤ ምስጋናውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ቅርጹን ከርስቱ ታሪክ ነጥሎ መመልከት ግማሹን ብቻ እንደ ማንበብ ይቈጠራል።

የግሪኮች ተረት እንደሚለው ጋኒሜድ የትሮያ ንጉሥ ልጅ ነበረ። ዜውስ መልኩን ወድዶ በንስር አስነጠቀውና በአማልክት አዳራሽ ጠጅ አሳላፊ አደረገው፤ ለአባቱም ስለ ልጁ ካሣ ምርጥ ፈረሶች ሰጠው። እንግዲህ ለወይን ጠጅ ቤት ጌጥ ይሆን ዘንድ የተመረጠው ተረት፥ ከአገሩ ተነጥቆ ለጌቶች መጠጥ እንዲቀዳ የተደረገ ልጅ ታሪክ ነው።

ርስቱ የተመሠረተው በ1685 የሆላንድ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ መሬቱን ለኬፕ አዛዥ ለሲሞን ቫን ደር ስቴል በሰጠ ጊዜ ነው። ኬፕ ግን አስቀድሞ ከብት አርቢዎቹ ኮይኮይ የሚሰማሩበት አገር ነበረ። በ1778 ሄንድሪክ ክሉተ ርስቱን ገዝቶ ጣፋጩን የኮንስታንሲያ ወይን ጠጅ በአውሮፓ ዝነኛ አደረገው፤ ናፖሌዎን እንኳ በሴንት ሄሌና ግዞቱ ይጠጣው ነበር። ወይኑን የሚተክሉት፥ የሚገርዙት፥ የሚለቅሙትና የሚጨምቁት ግን ባሮች ነበሩ። በኬፕ የነበሩት ባሮች እነርሱ ራሳቸው ወይም ወላጆቻቸው ከሞዛምቢክ፥ ከማዳጋስካር፥ ከሕንድና የዛሬዋ ኢንዶኔዥያ ከሆኑት ደሴቶች በመርከብ የተጋዙ ናቸው። ለእነዚህ ልጆች አባቶች ካሣ የሰጠ አልነበረም።

አንባቢ፥ «ይህ አጋጣሚ ነው» ይል ይሆናል። እውነት ነው፤ ጋኒሜድ በአውሮፓ ጥበብ የተለመደ ምልክት ነበረ፤ ቀራጺው ባሪያ አሳዳሪውን ሊነቅፍ አስቦ ሠራው ብንልም ያለ ማስረጃ መናገር ይሆንብናል። ይሁን እንጂ የአንድ ቅርጽ ትርጕም በሠሪው አሳብ ብቻ አይወሰንም፤ የቆመበት ደጅና በዚያ ደጅ የሚገቡት የሚወጡት ሰዎች የትርጕሙ ተካፋዮች ናቸው። ይልቁንም ተነጥቆ የተወሰደውን ልጅ ታሪክ በጭነት ተሸካሚ ባሮች ራስ በላይ ማስጌጥ ነውር ሆኖ አለመታየቱ ራሱ ትልቅ ምስክር ነው። ንጥቂያው ለባለ ርስቶቹ የተለመደ ነገር ሆኖባቸው ነበር ለማለት ያስደፍራል።

ባርነት በ1834 ተሽሮ፥ ከእርሱ በኋላ የታዘዘው የአራት ዓመት የግዴታ አገልግሎትም በ1838 ካበቃ ወዲያ፥ በኬፕ የወይን እርሻዎች የሠራተኛውን ደመወዝ በከፊል በወይን ጠጅ የመክፈል ልማድ ቀጠለ። «ዶፕ» የተባለው ይህ ልማድ በ1960ዎቹ በሕግ ከተከለከለ በኋላም በአንዳንድ እርሻዎች እስከ 1990ዎቹ ዘልቋል። በዚያ አውራጃ በእናታቸው ማሕፀን ሳሉ በአልኮል የሚጐዱ ሕፃናት ብዛት በዓለም ከተመዘገቡት ከፍተኞች አንዱ መሆኑ ከዚህ ውርስ ጋር የተያያዘ ነው። በተረቱ አሳላፊው ለጌታው ይቀዳል፤ በእርሻው ግን ጌታው ለሠራተኛው ይቀዳ ነበር፤ የቀዳውም ሊያስረው ነው።

ዛሬ በርስቱ ባለው ሙዚየም የባሮቹ ኑሮ ይነገራል፤ ይህም የሚመሰገን ነው። የሚቀረው ሁለቱን ንባቦች ማገናኘት ነው። ስለ ሥነ ጥበብ የሚጽፈው ሊቅ የቅርጹን ውበት፥ ስለ ባርነት የሚጽፈው ሊቅ ደግሞ የሠራተኛውን መከራ ለየብቻ ቢያስተምሩ፥ ተማሪው የሁለቱ ታሪክ ደጅ አንድ መሆኑን ሳያውቅ ያልፋል። ኢትኖሎጂ በዚያ ደጅ ቆሞ ወደ ላይም ወደ ታችም ሊመለከት ይገባዋል።