የአገር እንጨትና የአናጢው ክብር

የእጅ ጥበብ የሚመዘነው በጌጥ ብዛት ሳይሆን ባለሙያው ለያዘው ቁስ ባለው አክብሮት ነው። በ1806 እ.ኤ.አ. ናፖሊዮን የአውሮፓን ወደቦች በእንግሊዝ ንግድ ላይ በዘጋ ጊዜ፣ ከባሕር ማዶ ይመጣ የነበረው ማሆጋኒ በፓሪስ ብርቅ ሆነ። የፈረንሳይ አናጢዎችም ወደ አገራቸው ዛፎች፣ ወደ አሽ፣ ኤልምና ሜፕል ፊታቸውን መለሱ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው አነስተኛ የጎን ጠረጴዛ ውበቱ ከነሐስ ጌጡ ይልቅ ከእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር የሚመነጨው ስለዚህ ነው።

የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች በሚለያዩባት በወረታ፣ በፎገራ ሜዳም ዙሪያ፣ የአናጢው ሀብት ዋንዛ ነው። ገበሬው በማሳው መካከል ያቆየው ይህ ዛፍ ከበሮም፣ በርም፣ ወንበርም ሆኖ ሕዝቡን አገልግሏል። ቀላ ያለው እንጨቱ ለመላጊያ የሚገራ፣ ለዐይን የሚያምር ነው። ይህን መልክ በወፍራም ቀለም ሸፍኖ የውጭ ዕቃ ማስመሰል ግን ጥበብ አይባልም። ከፈረንሳዩ ጠረጴዛ መቅዳት የሚገባን የእግሩን ቅርጽ ሳይሆን በአገር እንጨት መተማመኑን ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጡ ከከለከላቸው አራት የአገር ዛፎች አንዱ ዋንዛ ነበር። እንግዲህ ጥቂት፣ ነገር ግን ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ዕቃ መሥራት፣ በተቆረጠውም ፋንታ መትከል የአናጢው የሙያ ግዴታ ነው።