ማሟሻ

ባለፈው ወር አንዲት ወጣት ፋርማሲስት አራት ኪሎ ቡና ጋበዘችኝ። ከቦርሳዋ ያወጣችው ደብተር ዓይን ይስባል፤ ሽፋኑ ቆዳ፣ ወረቀቱ ወፍራም፣ መሀሉ ላይ ቀይ ሪባን ያለው። ስገልጠው የመጀመሪያው ገጽ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ አለ። ተሰርዞ ከሥሩ እንደገና ተጽፏል፤ ደግሞ ተሰርዟል። ቆጠርኩት፤ አሥራ አንድ ጊዜ። ከዚያ ወዲያ ያለው ገጽ ሁሉ ነጭ ነው።

«መስከረም ላይ ነው የገዛሁት» አለች። ይህን ስትለኝ ሚያዝያ ነበር። «ጋሼ፣ የመጀመሪያ ጽሑፌ ስለ ምን ይሁን? ሰው ሲያነበው ‹ይቺ ልጅ መጻፍ ትችላለች› እንዲል ምን ልጻፍ?»

«የመጀመሪያውንማ ማንም አያንብበው» አልኳት። ያስከፋኋት መሰለኝ። ቡናችን እስኪቀዘቅዝ ላስረዳት ሞከርኩ፤ ቤቴ ስገባም ነገሩ አልለቀቀኝም።

እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ያደገ ሰው ማሟሻን ያውቃታል። ምጣዱ ይሰማል፣ በጎመን ዘር ይታሻል፣ የመጀመሪያዋ ሊጥ ትፈስሳለች። ያቺ የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይኗ አያምርም፤ አንድ በኩል ትወፍራለች፣ አንዳንዴም ምጣዱን ይዛ ትቀራለች። ጋጋሪዋ ግን አትደነግጥም። ከእርሷ የምትፈልገው የእሳቱን ልክና የሊጡን ውፍረት እንድትነግራት ብቻ ነው። መሶብ ውስጥ አትገባም፣ እንግዳ ፊትም አትቀርብም፤ ምድጃው ዳር ለተቀመጠ ልጅ ትሰጣለች። እኔ ያ ልጅ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ ከማሟሻ የሚጥም እንጀራ በልቻለሁ ለማለት ይቸግረኛል።

መጻፍ የሚጀምሩ ሰዎች መከራቸው ማሟሻቸውን መሶብ ላይ ለማውጣት መፈለጋቸው ነው። በዚህ ላይ ሠላሳ ዓመት ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም ከአቋሜ ንቅንቅ አልልም።

ከሁሉ በላይ የተከራከርኩት አብሮኝ ጋዜጣ ላይ ከሠራ ወዳጄ ጋር ነው። እርሱ ለጀማሪ ሁሉ የሚሰጠው ምክር አንድ ነው፦ «አንባቢህን ፊት ለፊትህ አስቀምጠህ ጻፍ።» አንባቢ ያላሰበ ጽሑፍ ይዝረከረካል፣ ዓይን ያላየው እጅ ይሰንፋል ይላል። ለተካነ ሰው እውነቱን ነው። እኔም ለኅትመት የማዘጋጀውን ጽሑፍ ሳርም አንድ አስቸጋሪ አንባቢ ከፊቴ አስቀምጣለሁ። ጀማሪው ግን ያን አንባቢ ገና አያውቀውም። ፊቱ የሚያስቀምጠው አንባቢን ሳይሆን ፈታኝን ነው፤ ቀይ እስክሪብቶ የያዘውን የድሮ አስተማሪውን።

የእኔ አስተማሪ ቀይ እስክሪብቶ እንኳ አልያዘብኝም። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ክረምት የጻፍኩትን ድርሰት ክፍሉ ፊት አነበበልኝና አስጨበጨበልኝ። ደግ ሰው ነበር፤ ያደረገውም በፍቅር ነው። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ የጻፍኩት ሁሉ ያን ጭብጨባ ፍለጋ ሆነ። መግቢያ፣ ሐተታ፣ መደምደሚያ፤ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ አንድ ምክር። ያየሁትን ትቼ እርሱ ደስ ይለዋል ያልኩትን እጽፍ ነበር። ጭብጨባ ከዘለፋ ይልቅ እጅን እንደሚያስር ያወቅሁት ዘግይቼ ነው።

ዘግይቼ ማለቴ በሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ አንድ ጋዜጣ ላይ ሳምንታዊ ዓምድ ሲሰጠኝ። የመጀመሪያውን ጽሑፍ አርባ ቀን አሸሁት። ወጣ፣ ተወደደ፣ ሰዎች ስልክ ደወሉ። ለሁለተኛው ሰባት ቀን ብቻ ነበረኝ። ቁጭ ስል እጄ ላይ ምንም የለም። ማሟሻ ሳላወጣ ሰርግ ደግሻለሁና ያለኝን ሁሉ በአንድ መሶብ አቅርቤ ጨርሻለሁ። በዘጠነኛው ሳምንት አዘጋጁ «ትንሽ እረፍ» አለኝ። ዓምዱ በዚያው ተዘጋ።

እረፍቴ ጎንደር ወሰደኝ። እዚያ በዘመድ በኩል አንድ ቁም ጸሐፊ ቤት ሦስት ቀን ተቀመጥኩ። ብራናው ተፍቆ በወስፌ ተሰምሯል፤ ቀለሙ በቀንድ ውስጥ ዝግጁ ነው። መቃቸውን በስለት አሹለው ጫፉን ሰነጠቁት። አሁን ሊጀምሩ ነው ብዬ ስጠብቅ ብራናውን ገፋ አደረጉና ከጉልበታቸው ሥር አንዲት ቁራጭ ብራና አወጡ። መዳፍ የምታህል፣ ጠርዟ የተጣመመ፣ ከዳር እስከ ዳር የተሞነጫጨረች። እዚያ ላይ ጻፉ፤ አንድ «ለ»፣ ግማሽ ቃል፣ ሁለት ሦስት ጭረት፣ ምንም የማይል የፊደል ተራ። ብዕሩን አገላብጠው አዩትና እንደገና በስለት ነኩት። ደግመው ሞነጫጨሩ።

«አባ፣ ለምን በቀጥታ አይጀምሩም?»

«ብዕሩ ገና እጄን አልለመደም» አሉኝ። «መጽሐፍ ላይ ደግሞ አይለመድም ልጄ።»

የጥንት ብራናዎቻችንን ያገላበጠ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ያገኘዋል። ባዶ በቀሩት ቅጠሎች ላይ፣ ከመሬት ውልና ከስጦታ መዝገብ ጎን፣ አንድ ጸሐፊ ብዕሩን የሞከረበት ጭረት ይታያል። ዳዊቱን ለቤተ ክርስቲያን ጻፈ፤ ጭረቱን ለማንም አልጻፈም። ሁለቱም ግን የአንድ እጅ ሥራ ናቸው፤ እኔም ከዳዊቱ ይልቅ ጭረቱ ላይ ዓይኔ ይቆያል።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴኝ በ1571 እ.ኤ.አ. በ38 ዓመቱ ከሹመት ርቆ ርስቱ ላይ ካለው ግንብ ሲገባ፣ መጻፍ የጀመረው ጽሑፍ ገና ስም አልነበረውም። በ1580 ሲያሳትመው «ሙከራዎች» አለው፤ ዛሬ ዓለም ኢሴ የሚለው ቃል ከዚያ የመጣ ነው። ታትሞም አላቆመም። በ1592 እስኪሞት ድረስ በታተመው መጽሐፉ ህዳግ ላይ በእጁ እየጨመረ ኖረ። ገጹን ከሞላ በኋላ ጠርዙ ላይ ብዕር የሚሞክር ሰው ነው የሚታየኝ።

ለፋርማሲስቷ ያልኳትን ልመለስበት። ያን ቆንጆ ደብተር ለሰው ስጪው አልኳት። ቆዳና ሪባን ያለው ደብተር የሚመጥነውን ጽሑፍ ይጠይቃል፤ አንቺ ገና ጠያቂ አያስፈልግሽም። ባለ 50 ሉክ የተማሪ ደብተርና ቢክ እስክሪብቶ ግዢ። ስም አታውጪለት። ልጽፍ ነው ብለሽም ለጓደኛ አትንገሪ፤ ቡና ላይ የተነገረ ጽሑፍ እዚያው ይጠጣል። በየቀኑ ግማሽ ገጽ፣ ያየሽውን ብቻ። መድኃኒት ቤትሽ መስኮት ላይ የታጠፈ የማዘዣ ወረቀቷን ዘርግታ፣ ዋጋውን ሰምታ መልሳ ያጠፈችውን ሴትዮ ጻፊያት፤ ለምን እንዳሳዘነችሽ ግን አትጻፊ። መደምደሚያ ሲመጣብሽ እስክሪብቶውን አስቀምጪ። ደብተሩ ሲያልቅ ሌላ ግዢ፤ ሦስተኛው ላይ ስትደርሺ ለሰው የሚሆነውን ራስሽ ታውቂዋለሽ።

«እስከዚያ ጽሑፌ ምን ዋጋ አለው?» አለችኝ። ይህን በምክር መመለስ አልቻልኩም። ስለ እናቴ ነገርኳት።

እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። ዘመቻው በ1971 ዓ.ም. ሲታወጅ የአራት ልጆች እናት ነበረች። ማታ ማታ እራት አብልታን፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቀበሌ አዳራሽ ትሄዳለች። የምስክር ወረቀቷን ስትቀበል አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ ስትጽፍ አየሁ ለማለት ግን አልችልም፤ ለእኛ ማንበብ እንጂ መጻፍ የምትወድ አትመስልም ነበር። ስታርፍ ከሳጥኗ ውስጥ፣ ከጥበብ ቀሚሷ ሥር፣ በላስቲክ የተጠቀለለ ባለ 32 ሉክ ደብተር አገኘን። የቤት ወጪ መዝገብ ነው። «በርበሬ 1 ብር። ላምባ 50 ሳንቲም። ጣሪያው አፈሰሰ። ሽንኩርት 60 ሳንቲም። ትልቁ ልጅ ዛሬ ሳቀ።»

ትልቁ ልጅ እኔ ነኝ። ከወጪው መሀል እንዲህ ያሉ ዓረፍተ ነገሮች በየገጹ አንድ ሁለት አሉ። ሁሉም አጫጭር ናቸው። ለማን እንደጻፈቻቸው ወንድሞቼ ብዙ ተከራከሩ፤ ለእኛ ትታልን ነው የሚልም አለ። እኔ ለማንም አልጻፈችም ባይ ነኝ፤ ስለዚህም ነው የማምናቸው። ሠላሳ ዓመት ጽፌ «ትልቁ ልጅ ዛሬ ሳቀ» የሚያህል ዓረፍተ ነገር አላወጣሁም። ስንት ቀን ሳልስቅ ቆይቼ ኖሯል? እርሷስ ስንት ቀን ስትጠብቅ ነበር?

ፋርማሲስቷ ደብተሩን ማየት ትችል እንደሆነ ጠየቀችኝ። በሳምንቱ ይዤላት ሄድኩ፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገለጥኩላት። እናቴ እዚያ ላይ ስሟን ሰባት ጊዜ ጽፋለች። የመጀመሪያው ከመስመር ወጥቷል፣ ሦስተኛው አንድ ፊደል ጎድሎታል፣ ስድስተኛው ቀጥ ብሏል። ሰባተኛው መሀል ላይ ቀለሙ አልቋል። ከሥሩ በሌላ እስክሪብቶ «ጨው 1 ኪሎ» ይላል።