ጉንጭን የሚያውቅ እርሳስ

የጃፓን አኒሜሽን ሲወሳ ሁሌም የሚጠሩት ሃያዎ ሚያዛኪና ኢሳኦ ታካሃታ ናቸው፤ ዮሺፉሚ ኮንዶን የሚያነሳው ጥቂት ነው። ምስጋናው ግን ለእሱም ይገባዋል፤ ተራ ሰው በሥዕል ውስጥ እንደሚኖር እንድናምን ያደረገ የገጸ ባሕርያት ነዳፊና የአኒሜሽን ዳይሬክተር ነበርና። እ.ኤ.አ. በ1979 በተሠራው፣ አን ስለተባለች ልጅ በሚተርከው ተከታታይ ፊልም፣ ከሲታዋንና ጠቃጠቆ ፊቷን ልጅ በ50 ክፍሎች ቀስ በቀስ ለአቅመ ሔዋን አደረሳት። በ1991ዱ «ትናንት ብቻ» ደግሞ የ27 ዓመቷ ታኤኮ ፈገግ ስትል ጉንጯ ከፍ ይላል፤ ከአፍንጫዋ ወደ ከንፈሯ ዳር ስስ መስመር ይወርዳል። መስመሩ ያስረጃታል የሚል ተመልካች አይጠፋም። ነገር ግን ሰው ሲስቅ ፊቱ ይታጠፋል፤ ያ እጥፋት ቢጠፋ ታኤኮ ቆንጆ አሻንጉሊት ሆና ትቀር ነበር።

«ሐሳቡ የዳይሬክተሮቹ ነው፤ እሱ በዳይሬክተርነት የመራው ረጅም ፊልም የ1995ቱ ‹የልብ ሹክሹክታ› ብቻ ነው» የሚል ሙግትም ይነሳል። እውነት ነው፤ የዚያንም ፊልም ጽሑፍ ያዘጋጀው ሚያዛኪ ነው። ሐሳብ ግን ብቻውን አይራመድም። «የአብሪ ጥንዚዛዎች መቃብር» ላይ የትንሿ ሴትሱኮ ረሃብ ልብ የሚሰብረው፣ የሕፃን ክብ ጉንጭና ድንቡሽ ያለ ጉልበት አስቀድመን ስላየን ነው። ያን አካል የነደፈው ኮንዶ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1998፣ ገና በ47 ዓመቱ አረፈ። ፊልሞቹን የሚያይ ሰው ታሪኩን ብቻ አይከተል፤ ጉንጮቹንም ይመልከት።